ጎንደር ላይ የመጠበቅ ዘመን፦ ሁለት ጊዜ የፈለሱ ሰዎች ጉዳይ

እናቴ የቤት ኪራይ የምትጽፍበት ደብተር አላት። ባለ 50 ቅጠል ነው፤ ሽፋኑ ከተገነጠለ ቆይቷል። ጥር 1999 የሚለው ገጽ ላይ «የኋላው ክፍል፣ 60 ብር፣ ከበለሳ የመጡ ባልና ሚስት» ይላል። ከጎኑ በሌላ እስክሪብቶ «ለጥቂት ወር» ተብሎ ተጨምሯል።

ጥቂቱ ወር 14 ዓመት ሆነ። ክፍሉን የለቀቁት በ2013 ነው።

ባልና ሚስቱ ጎንደርን ብለው አልመጡም። አሳባቸው እስራኤል ነበር። በሬያቸውን ሸጠዋል። መሬቱን ለዘመድ «በእኩል አርሰህ ብላ» ብለው ትተዋል። ይዘው የመጡት አንድ ጆንያ እህል፣ ሁለት ጋቢ፣ አንድ ምጣድና ከተማ ያለ የአጎት ልጅ ስልክ ቁጥር ነው። ጎንደር ውስጥ የሚከራይ ክፍል ያለው ሰው እንዲህ ያለ ተከራይ አይጠፋውም። ሰፈሩ «ጉዞ ጠባቂዎች» ይላቸዋል።

ስለ ቤተ እስራኤል፣ ማለትም ስለ ኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ሲወራ ሁሌም የሚነሳው አውሮፕላኑ ነው። ሰዉ እንደ ጆንያ ተጠጋግቶ የተጫነበት፣ ሰማይ ላይ ሕፃናት የተወለዱበት። እኔ ጎንደር ነው ያደግኩት፤ አውሮፕላኑን አላየሁም። ያየሁት ጥበቃውን ነው። ብዙ ሕዝብ አንስቶ አዲስ አገር ማስፈር ለምን እንደሚከብድ መረዳት የሚፈልግ ሰው ከቴል አቪቭ ይልቅ ከኛ የጓሮ ክፍል ቢጀምር ይሻለዋል ባይ ነኝ። ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ።

ስሙም ከመፍለስ ነው

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ፤ አላረዝመውም።

«ፈላሻ» የሚለው ቃል ስድብ ነው፤ ሰዎቹ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ነው የሚሉት። ቃሉ ግን ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። «ፈለሰ» ከሚለው ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጼ ይስሐቅ ክርስትና ያልተነሳ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ አዘዙ ይባላል። ርስት የሌለው ሰው በተወለደበት ቀዬ ፈላሲ ሆነ። ስለዚህ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸክላ ሠራ፣ ሸማኔ ሆነ። የጎንደርን ግንቦች ካነጹት እጆች መካከል የነሱም እንዳለበት ይነገራል። የእጅ ሙያውን የሚፈልገው ሰው ደግሞ ማታ ማታ «ቡዳ» ይላቸዋል። ከከተማው ወጣ ብላ በደባርቅ መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ ዛሬም ለቱሪስት የሸክላ አንበሳና ኮከብ ይሸጥባታል። ሻጮቹ አሁን በአብዛኛው ሌሎች ሰዎች ናቸው። የቀድሞዎቹ ሄደዋል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአጼ ቴዎድሮስ ጊዜ፣ ከአውሮፓ የመጡ ሚሲዮኖች ገቡ። ከዚያ ከ1880 ጀምሮ ክፉ ቀን ወረደ፤ ከብቱ አለቀ፣ ሰዉ ረገፈ። ከቤተ እስራኤል የተወሰኑት በዚያን ጊዜና ከዚያም በኋላ ክርስትና ተነሱ። አንዳንዱ ለመሬት፣ አንዳንዱ ለነፍሱ፣ አንዳንዱ ለሆዱ። እኛ ጓሮ የተቀመጡት ሰዎች የነዚህ የልጅ ልጆች ናቸው። ውጭ አገር ያለው መዝገብ «ፈላስ ሙራ» ይላቸዋል። እነሱ ይህንንም ስም አይወዱትም። ስም ያልሰጣቸው የለም እኮ።

ልዩነቱ የወረቀት ጉዳይ ይመስላል፤ ግን ሕይወት የሚወስነው እሱ ነው። የእስራኤል ሊቀ ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በኛ አቆጣጠር በ1965 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ወሰኑ። በ1967 ደግሞ አይሁድ ሁሉ እስራኤል ገብቶ ዜጋ እንዲሆን የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ እንዲመለከታቸው ተደረገ። አያቱ ክርስትና የተነሳ ሰው ግን በዚህ በር አይገባም። በሌላ ሕግ ይገባል፤ እዚያ ከደረሰ በኋላም ወደ አይሁድነት የመመለስ ትምህርት ተምሮ ሥርዓት ይፈጽማል። እስኪጠራ ድረስ እዚህ የሚጠብቀውም እሱ ነው።

ከያንዳንዱ አውሮፕላን ጀርባ አንድ ጥበቃ አለ

የመጀመሪያው ጥበቃ ሱዳን ነበር። በ1970ዎቹ ከወገራም ከስሜንም ከጠለምትም በእግራቸው ሌሊት ሌሊት ተጉዘው ገዳሪፍ አካባቢ ያሉ ካምፖች ገቡ። ኡም ራኩባ የሚለውን ስም በዕድሜ የገፉት ዛሬም ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል። በመንገድና በካምፑ ወደ 4 ሺህ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ከ7 እስከ 8 ሺህ የሚደርሱ ሰዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ ሱዳን በሩን ዘጋች። እናት እዚያ፣ ልጅ እዚህ ቀረ።

ሁለተኛው አዲስ አበባ ነው። ኢትዮጵያና እስራኤል በ1982 ግንኙነታቸውን ሲያድሱ ሰዉ ከጎንደር መንደሮች በገፍ ወደ አዲስ አበባ ወረደ። ኤምባሲው ዙሪያ ክፍል ተከራይቶ ተቀመጠ። የደጋ ገበሬ ነው፤ በአንድ ክፍል ስምንት ዘጠኝ ሆኖ ኖሮ አያውቅም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ኩፍኝና ሳንባ ነቀርሳ ብዙ ልጅ ጨረሰ። ኋላ ክሊኒክ ተከፈተ፣ ክትባት ተሰጠ፣ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ከአገር ወጡ። በሦስተኛው ቀን የሰሎሞን ዘመቻ ተጀመረ። ለደርግ ሰዎች 35 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለ፤ ወንበራቸው የተነቀለ አውሮፕላኖች ተመላለሱ። ግንቦት 16 እና 17፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ተወሰደ። አንዱ ጃምቦ ብቻ ከ1 ሺህ በላይ ጫነ። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ ኤምባሲው በር ላይ የቀሩት ዘራቸው «አጠያያቂ» የተባሉት ነበሩ። በሺዎች ይቆጠራሉ።

ሦስተኛው ጥበቃ የኛ ነው፤ የጎንደር። በርዝመቱ የሚደርስበት የለም።

ጥበቃ እንዴት ሰውን እንደሚለውጥ

የኋላው ክፍል ተከራያችን መጀመሪያ የመጣ ሰሞን ማለዳ 11 ሰዓት ይነሳ ነበር። ግቢው መሀል ቆሞ ሰማይ ያያል። የሚያርሰው የለም። የሚያግደው የለም። ሰማዩን አይቶ ተመልሶ ይገባል። እናቴ «አያ፣ ምን ጠፋህ?» ስትለው «ዝናቡን ላየው ነው እማማ» ይላት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ 2 ሰዓት ድረስ መተኛት ለመደ።

ገበሬ ከተማ ሲገባ የሚያጣው ገቢውን ብቻ አይደለም። ቤቱ ውስጥ አዋቂው እሱ ነበር። የትኛው መሬት ምን እንደሚያበቅል፣ የትኛው ላም እንደምትወልድ፣ የማን ዘር ከማን እንደሚጋባ የሚያውቀው እሱ ነው። ጎንደር ሲገባ ይህ ሁሉ ዕውቀት ዋጋ የለውም። ቀን ሥራ ይፈልጋል። ድንጋይ ይሸከማል፤ አሸዋ ያራግፋል። ሚስቱ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፣ ልብስ ታጥባለች። ከእስራኤል ዘመድ ከላከ ይበላል፤ ካልላከ ይቸግረዋል። ልጁ ግን ዕብራይስጥ ፊደል ለመደ። አባት ከልጁ በታች መሆን የጀመረው እዚህ ነው እንጂ እስራኤል አይደለም።

የማኅበረሰቡ ግቢ ነበረ፤ ዛሬም አለ። የጸሎት አዳራሹ በሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነው። ወንዶቹ በአንድ ወገን ቆብ አድርገው፣ ሴቶቹ ነጠላ ተከናንበው በሌላ ወገን ይቆማሉ። ለረጅም ጊዜ በሰሜን አሜሪካ በጎ አድራጊዎች፣ ኋላም ሰውን ወደ እስራኤል በሚያጓጉዘው በአይሁድ ኤጀንሲ በኩል ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት ምግብ ይታደል ነበር። ለፋሲካቸው ቂጣ ሲጋገር ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ዱቄቱ ውኃ ከነካው ጀምሮ እጅ አይቆምም፤ ሳይቦካ መድረስ አለበት። ለሺዎች በእጅ ይጋገራል። የኋላው ክፍል ሴትዮ ከዚያ ስትመለስ ክንዷ እስከ ክርኗ ነጭ ነበር። ለኛም ታመጣልናለች። ልጆች ሆነን ጨው የለውም ብለን እናጉረመርም ነበር።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሁሉም ሰውን ለመሄድ ብቻ የሚያዘጋጅ ነው። ለመኖር የሚያዘጋጅ አይደለም። «ነገ ልሄድ ነው» የሚል ሰው ሙያ አይማርም። ሱቅ አይከፍትም። ዛፍ አይተክልም። አልጋ እንኳ አይገዛም፤ ለምን ይገዛል? የኛዎቹ 14 ዓመት መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈው ነው የኖሩት።

ከሁሉ የባሰው የጋብቻ ነገር ነው። ወረቀቱ ቤተሰብን የሚቆጥርበት መንገድና እኛ ቤተሰብ የምንለው አንድ አይደለም። አግብቶ ጎጆ የወጣ ልጅ ከወላጁ ፋይል ሊለይ ይችላል። ስለዚህ ሽማግሌ ልኮ ማግባት የነበረበት ጎረምሳ ይጠብቃል፤ የጠበቀችውም ልጅ ታረጃለች። አንዱ ወንድም ስሙ ይወጣል፣ ሌላው አይወጣም። የአንድ እናት ልጆች ናቸው እኮ። ስም የወጣ ቀን በሰፈሩ አንድ ቤት እልልታ፣ ጎረቤቱ ለቅሶ ነው።

በሩም ይከፈታል፣ ይዘጋል። የእስራኤል መንግሥት በ2003 «የመጨረሻዎቹን» እንወስዳለን ብሎ ወደ 8 ሺህ የሚጠጋ ሰው አጓጓዘ። ነሐሴ 22 ቀን 2005 የመጨረሻው በረራ ነው ተባለ። በጎንደር የነበረው የኤጀንሲው ሥራም ተዘጋ። ሰዉ ግን አልሄደም፤ ወዴት ይሂድ? በሬው ተሽጧል። በኅዳር 2008 እንደገና ወደ 9 ሺህ የሚሆኑ የቀሩትን ለማምጣት ተወሰነ፤ ገንዘቡ ግን ቶሎ አልተለቀቀም። ከዚያ ኅዳር 24 ቀን 2013 አዲስ ዘመቻ ተጀመረ፤ በመጀመሪያው አውሮፕላን 316 ሰው ሄደ። የኛዎቹም በዚያው ዙር ተካተቱ። እስከ 2015 ክረምት ድረስ ባለው ጊዜ ወደ 5 ሺህ ሰው ሄዷል። ነሐሴ 2015 ጎንደር ውስጥ ውጊያ ሲሆን እስራኤል ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ ሰው አወጣች። አሁንም የሚጠብቅ አለ፤ በሺዎች።

ጎንደርስ ምን አደረገች?

ስለ ራሳችን ሳልናገር ወደ እስራኤል ብሻገር ነውር ይሆናል።

እነዚህ ሰዎች ለጎንደር ከተማ አዲስ መጤዎች ነበሩ። ከገጠር በሺዎች የገቡ። ሌላ ከተማ ቢሆን ውኃ፣ ትምህርት ቤት፣ ሥራ ይታቀድላቸው ነበር ብሎ መጠበቅ ይቻላል። እኛ ጋ ግን ተሳፋሪ ተደርገው ተቆጠሩ። ተሳፋሪ ደግሞ መናኸሪያ ውስጥ ቤት አይሠራም። ወንበር ተሰጥቶት ይጠብቃል፣ ያውም ካገኘ።

የቤት አከራዩም ያው ነው። «ዶላር ይላክላቸዋል» የሚል ወሬ ነበር። አንዳንዱ ይላክለታል፣ ብዙው አይላክለትም። ኪራዩ ግን ለሁሉም ይጨምራል። የእናቴ ደብተር ራሱ ይመሰክርባታል፤ 60 የነበረው 150፣ ከዚያ 300 ሆነ። ስጠይቃት «ገበያው ነው» አለችኝ። ዓይኔን ግን አላየችኝም።

ደግነቱም አለ፤ መካድ አይገባም። ቡና አብሮ ተጠጥቷል፣ ለቅሶ አብሮ ተደርሷል፣ አራስ ተጠይቃለች። ሰንበታቸው ዓርብ ማታ ሲገባ ማንም እሳት አቀብሉን አይላቸውም፤ እናቴ ራሷ የግቢውን ልጆች «ዝም በሉ፣ ሰንበታቸው ነው» ትል ነበር። ጎረቤትነት ግን የከተማን ሥራ አይሠራም።

እዚያ ሲደርሱ

አዲስ የገባ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያርፈው መርከዝ ክሊታ ነው፤ የመቀበያ ማዕከል ማለት ነው። ዕብራይስጥ የሚማርበት ክፍል ኡልፓን ይባላል። ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት አካባቢ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይቆያል። ማለትም ከአንዱ የመጠበቂያ ክፍል ወደ ሌላው። ልዩነቱ ይኼኛው ፎቅ ነው፤ ማቀዝቀዣም አለው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስም ነው። በኛ ሥርዓት ሰው የራሱና የአባቱ ስም አለው፤ ባልና ሚስት በአባት ስም አይገናኙም። እዚያ የቤተሰብ ስም ይጠየቃል። በ1970ዎቹና 80ዎቹ ለገቡት ብዙዎች ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። እናቱ ስሙን ስታወጣለት የተናገረችው ነገር አለ፤ ለምሳሌ ካሣ ያለችው የሞተውን ልጇን እንዲክስላት ነው። ያ ስም በአንድ ቀን ተለውጦ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ሆኖ ይወጣል። ኋላ ያደጉት ልጆች የድሮ ስማቸውን መልሰው መጠራት የጀመሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። «መቼ ተወለድክ?» ሲባል የገጠር ሰው «በሰባ ሰባቱ ድርቅ ዳዴ እል ነበር» ይላል። ቅጹ ይህን አይቀበልም። ስለዚህ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይጻፋል። በአንድ ቀን የተወለዱ አያት፣ አባትና ልጅ ያሉበት ቤት አለ። ያስቃል፤ ግን ዕድሜው በአሥር ዓመት ተቀንሶ የተጻፈ ሽማግሌ ጡረታው እስኪደርስ ሕንፃ ሲጠርግ ይኖራል። ዕድሜያቸውን ለማስተካከል ፍርድ ቤት የሄዱ አሉ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ልጆቹ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ዘመቻዎች ከገቡት ታዳጊዎች አብዛኞቹ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። አሳቢነት ነበር፤ ቶሎ ቋንቋ ይልመዱ፣ ቶሎ ከአገሩ ይዋሐዱ ተብሎ። ልጁ ቅዳሜ ሲመጣ ግን ከአባቱ ጋር የሚያወራበት ቋንቋ እየሳሳ ነው። ቤት የቀረው ልጅ ደግሞ አስተርጓሚ ሆነ። ከትምህርት ቤት «ልጅዎ ይቀራል፣ ይረብሻል» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። አባት ማንበብ አይችልም። ለልጁ ይሰጠዋል። ልጁ ያነበዋል። «ጎበዝ ነው ይላል አባዬ»።

አስተማሪው በበኩሉ የሐበሻ ልጅ ዓይን ለዓይን ስለማያይ የሚደብቀው ነገር ያለው ይመስለዋል። ልጁ ግን በሥርዓት ያደገ ነው። ሽማግሌ ፊት ዓይን አይተከልም።

ሃይማኖቱም ፈተና ሆነ። አገር ቤት ቄሶቹ ነበሩ የሚያጋቡት፣ የሚያስታርቁት፣ ኦሪቱን በግዕዝ የሚያነቡት። የጸሎት ቤታቸውን መስጊድ ይሉት ነበር። እስራኤል ሲደርሱ ጋብቻ የረቢዎች ሥራ ሆነ፤ ቄሱ ተመልካች ሆኖ ቀረ። በሙሴ ዘመቻ የገቡት ሙሉ አይሁድ ለመባል ውኃ ገብታችሁ መንጻት አለባችሁ ተባሉ። ስንት መቶ ዓመት አንጠመቅም ብሎ ርስቱን ያጣ ሕዝብ! በ1978 መባቻ ኢየሩሳሌም ላይ ከዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። በጥር 1988 ደግሞ የለገሱት ደም ሳያውቁ ይደፋ እንደነበር በጋዜጣ ሲወጣ ወደ 10 ሺህ ሰው ሰልፍ ወጣ። የቫይረስ ፍርሃት ነው ተባለ። ሳይነግሩ መድፋቱ ግን ከደሙ ይልቅ ክብር ነክ ነበር። በ2007 እና በ2011 በፖሊስ በደል የተነሡ ተቃውሞዎችን የመሩት እዚያው የተወለዱ ወጣቶች ናቸው። ዕብራይስጣቸው እንከን የለውም። ስለዚህ «ቋንቋ ሲለምዱ ይቃለላል» የሚለው ግምት እዚህ ላይ ይቆማል።

በመኖሪያ ቤት ጉዳይ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ጸሐፊ ከሚለው ትንሽ እለያለሁ። ከሰሎሞን ዘመቻ በኋላ ሰዉ ሆቴልና ተንቀሳቃሽ የቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ ሰፈረ። ቀጥሎ መንግሥት ቤት መግዣ የሚሆን ከፍተኛ ድጋፍ ያለው ብድር ሰጠ፤ እቅዱ ሰዉ በተሻሉ ከተሞች ተበትኖ እንዲኖር ነበር። ሰዉ ግን ርካሽና ዘመድ ያለበትን ሰፈር መረጠ። ቂርያት ማልኣኪ፣ ነታንያ፣ ሬሖቮት ውስጥ የሐበሻ ሰፈሮች ተፈጠሩ። ባለሙያዎቹ «ተከማቹ፣ አልተዋሐዱም» ይላሉ። ለልጆቹ ትምህርት መጥፎ መሆኑ እውነት ነው። ለአንዲት የ60 ዓመት ሴት ግን ሌላ ነው። ደረጃው ላይ የምትገናኛት ጎረቤት አማርኛ ካልሰማች፣ ጤፍ የሚሸጥበት ሱቅ በእግር ካልደረሰች፣ ለቅሶ የሚደርሳት ሰው ከሌለ፣ ያ ቆንጆ ሰፈር እስር ቤት ነው። እቅዱን ያወጣው ሰው እናቱን ይዞ የፈለሰ አይመስለኝም።

ከሴቶች አንፃርም የሚረሳ ነገር አለ። በመንደሩ ሴት በወር አበባዋ ጊዜ የምትለይበት የመርገም ጎጆ ነበረ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያች ጎጆ ቦታ የላትም። ልጃገረዶቹ ተገላገልን ሲሉ እናቶቹ ነውር ውስጥ የገቡ መሰላቸው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚጠይቅ ቅጽ የለም።

የተሳካውም ብዙ ነው። ዛሬ እስራኤል ውስጥ ከኢትዮጵያ የመጡና እዚያ የተወለዱ ልጆቻቸው ከ160 ሺህ በላይ ናቸው። በጎንደር አካባቢ ተወልዳ በ3 ዓመቷ በሙሴ ዘመቻ የገባችው ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2012 የአዲስ ገቢዎች ሚኒስትር ሆነች። አምቦበር የተወለደችው በላይነሽ ዘቫዲያ ደግሞ በ2004 የእስራኤል አምባሳደር ሆና አዲስ አበባ ተሾመች። ተራራ ላይ ወጥተው የሚጾሙበትና የሚጸልዩበት ስግድ ከ2000 ጀምሮ በእስራኤል በሕግ የታወቀ በዓል ነው። የኋለኞቹ ገቢዎች ከፊተኞቹ የሚሻሉበት አንድ ነገር አለ፤ ዘመድ ቀድሟቸዋል። ቢሮ ይዟቸው የሚሄድ፣ የአውቶቡስ ካርድ የሚያሳይ፣ «ይኼን አትፈርሚ» የሚል ሰው አለ። ከየትኛውም መሥሪያ ቤት የተሻለ ያሰፈራቸው እሱ ነው።

ቢታሰብበት ኖሮ

እኔ የማየው እንዲህ ነው። ሰው የሚሰፍረው አውሮፕላን ሲወርድ አይደለም፤ ከቤቱ በወጣ ዕለት ይጀምራል። 14 ዓመት ጎንደር የተቀመጠ አባት ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ፣ የዶሮ እርባታ፣ ማንኛውንም ነገር ቢማር ኖሮ ባይሄድ እንኳ ይኖርበት ነበር፤ ቢሄድ ደግሞ እጁን ይዞ ይሄድ ነበር። ጎንደር ቴክኒክ ትምህርት ቤት አላት፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። ከጓሯችን በእግር የሚደረስበት ነው። «ጠባቂ ነው፣ ነገ ይሄዳል» ስለተባለ ማንም አልጠራውም፤ እሱም አልሄደም።

የሚሄድበትና የማይሄድበት ቁርጥ ቀን ቢነገረውስ? «አይሆንልህም» ማለት ጭካኔ ይመስላል። በ1999 «አይሆንም» የተባለ ሰው ግን በ2000 ክረምት መሬቱን ያርስ ነበር። ጎድቶት የኖረው ያ «ምናልባት» ነው።

ባለፈው ጥቅምት እናቴ ስልክ ተደወለላት። የኋላው ክፍል ሴትዮ ነበረች፤ በቪዲዮ። ኩሽናዋን አሳየችን፤ የኤሌክትሪክ ምጣዷ ላይ እንጀራ ነበር፣ ዓይኑ በደንብ የወጣ። ባሏ ጥበቃ ሥራ ገብቷል፤ ሌሊት ስለሚሠራ ቀን ይተኛል። ልጁ ሶፋው ላይ ስልኩን ይዞ ተጋድሟል። እኛ ግቢ ነው የተወለደው። አንገቱን ቀና አድርጎ «ሻሎም እማማ» አለ፤ ከዚያ ዝም።

የደወለችው ለእሱ ነው። እሱም ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፏል። ጓደኞቹ ልደታቸውን ሲያከብሩ የኔስ መቼ ነው ብሎ ያስጨንቃታል። የክትባት ካርዱ በአንዱ ክረምት ቤቱ ሲያፈስ በስብሶ ተጥሏል። ክረምት እንዳልነበረ ታስታውሳለች፤ ዓመቱ ግን ይጠፋባታል። «እማማ፣ አንች ደብተር ነበረሽ እኮ» አለቻት።

እናቴ መነጽሯን ፈልጋ ደብተሩን ከቁም ሣጥን አወጣች። ገጽ በገጽ አየን። መጋቢት 2001 ላይ በሷ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «የኋላው ክፍል፣ ግማሽ ተከፈለ፣ ቀሪው ተትቷል፤ በ12 ወልዳ አራስ ናት።»

እናቴ ጮክ ብላ አነበበችላት። ሴትዮዋ ወደ ልጁ ዞራ በዕብራይስጥ የሆነ ነገር አለችው። ልጁ ስልኩን አስቀምጦ ተነሣና ወደ ካሜራው ቀረበ። «ቆይ፣ ቆይ» አለ በአማርኛ፤ «መጋቢት 12 በፈረንጅ ስንት ነው?»